ተቀምጦ ዝም ያለ ተማሪ

ግልጽ ደብዳቤ
ይድረስ፦ በአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ለሚሠሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን መምህራን፣ ረዳትና ተተኪ መምህራን፤ እንዲሁም ለየዲስትሪክቱ የቤተሰብ ግንኙነት ቢሮዎች

በአብዛኞቹ የአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ቀኑ የሚከፈተው በባንዲራ መሐላ፣ በተለምዶ ስሙ በፕሌጅ ነው። የጠዋቱ ደወል እንደተደወለ ከቢሮ በድምፅ ማጉያ ጥሪ ይመጣል፤ ወንበር ይንኳኳል፤ ልጆቹ ተነስተው ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ፤ በክፍሉ ወደተሰቀለው ባንዲራ ዞረውም ሠላሳ አንድ ቃላት ያሉትን መሐላ በአንድ ድምፅ ይላሉ። ሁሉም ነገር ከሩብ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። በዚያች ሩብ ደቂቃ አንድ ልጅ ሳይነሳ ቢቀር፣ ወይም ተነስቶ ከንፈሩን ባያንቀሳቅስ፣ መምህሩ ምን ማድረግ አለበት የሚለው ጥያቄ በሕግ ከተመለሰ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖታል። መልሱም አጭር ነው፦ ልጁን መተው። ሆኖም ዛሬም ዝም ያለውን ልጅ የሚገሥጽ፣ ከክፍል የሚያስወጣ፣ አልፎ ተርፎም ነገሩን ወደ ፖሊስ የሚያደርስ መምህር አልጠፋም። ከእነዚህ መካከል ሕጉን ጨርሶ ሳይሰሙ ክፍል የገቡ አሉ።

ነገሩን በአማርኛ ማስረዳት ያስፈለገበት ምክንያት አለ። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታ፣ በቴክሳስና በሌሎችም ግዛቶች በረዳትነትና በተተኪነት የሚሠሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ጥቂት አይደሉም። ተተኪ መምህር በጠዋት ተጠርቶ የማያውቀው ክፍል ይገባል፤ ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ በፕሌጁ ጊዜ ክፍሉን መምራት ነው። የማይነሳ ልጅ ቢያጋጥመው ምን ማድረግ እንዳለበት ግን የሚነግረው ላይኖር ይችላል። ከዚህም በላይ ይህ ሰው ያደገው ጠዋት በሰልፍ ቆሞ ባንዲራ ሲሰቀል መዝሙር በሚዘመርበት ግቢ ነው። በዚያ ግቢ አልዘምርም ማለት የሚታሰብ አልነበረም፤ ሰልፍ ላይ ያወራ ወይም ዘግይቶ የመጣ ልጅ እንኳ ተንበርክኮ ይውል ነበር። ሳይታወቀው ይህንን ልማድ ይዞ ወደ ሌላ አገር ክፍል ቢገባ አይፈረድበትም፤ የገባበት ክፍል ግን በሌላ ሕግ የሚተዳደር መሆኑን ማወቅ ይኖርበታል።

ፕሌጁ ከአሜሪካ ሕገ መንግሥት ጋር አብሮ የተወለደ አይደለም። የጻፈው ፍራንሲስ ቤላሚ የተባለ የባፕቲስት ሰባኪ ሲሆን፣ ኮሎምበስ አሜሪካ የደረሰበት አራት መቶኛ ዓመት ሲከበር በ1892 «ዘ ዩዝስ ኮምፓኒየን» በተባለ መጽሔት ላይ ወጣ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መጽሔቱ ለትምህርት ቤቶች ባንዲራ ይሸጥም ነበር። ቃላቱ ከዚያ ወዲህ በ1923፣ በ1924ና በ1954 ተለውጠዋል፤ የእግዚአብሔር ስም የገባው በመጨረሻው ላይ ነው። የእጁ አኳኋንም እንዲሁ ተለውጧል። መጀመሪያ ቀኝ እጅ ወደ ባንዲራው ይዘረጋ ነበር፤ ናዚዎች ተመሳሳይ ሰላምታ ሲያዘወትሩ ግን ነገሩ አሳፋሪ ሆነና ኮንግረሱ በ1942 መጨረሻ እጅ ደረት ላይ እንዲሆን ደነገገ። አንድ ሥርዓት ቃሉም አኳኋኑም እየተለወጠ የመጣ ከሆነ፣ ሥርዓቱን ያልፈጸመ ልጅ አገሪቱን ካደ ማለት እንደማይቻል ከዚህ ታሪክ ብቻ መረዳት ይቻላል።

ጉዳዩን ፍርድ ቤት ያደረሱት ልጆች ናቸው። በ1935 በፔንሲልቬንያ ግዛት ማይነርስቪል በተባለች የድንጋይ ከሰል ከተማ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ሊሊያንና የአሥር ዓመቱ ወንድሟ ዊሊያም ጎባይተስ ለባንዲራ ሰላምታ አንሰጥም አሉ። ቤተሰቡ የይሖዋ ምሥክሮች ነበሩ፤ ለባንዲራ እጅ መንሳት በአሠርቱ ትእዛዛት የተከለከለ አምልኮ ነው ብለው ያምናሉ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ተባረሩ። ክሱ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1940 በስምንት ድምፅ በአንድ ተረቱ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ፌሊክስ ፍራንክፈርተር ራሳቸው በልጅነታቸው ከቪየና የመጡ ስደተኛ ነበሩ፤ የብሔራዊ አንድነት ስሜት የብሔራዊ ደኅንነት መሠረት ነው አሉ፤ ይህን ስሜት በምን ዘዴ ማሳደግ እንደሚሻል የሚወስነውም የትምህርት ቦርዱ እንጂ ፍርድ ቤቱ እንዳልሆነ ጻፉ። በተቃውሞ የቆሙት ዳኛ ሃርላን ስቶን ብቻ ነበሩ።

ከፍርዱ በኋላ የሆነው መምህራን በቅርብ ሊያውቁት የሚገባ ታሪክ ነው። ፈረንሳይ በሂትለር ጦር እየወደቀች የነበረችበት ሰኔ ነው፤ አገሩ ሁሉ በፍርሃት ላይ ነበር። ፍርዱ በተሰጠ በሳምንቱ በሜይን ግዛት ኬኔበንክ ውስጥ የይሖዋ ምሥክሮች የጸሎት አዳራሽ ተቃጠለ። በዚያው ወር መጨረሻ በዌስት ቨርጂኒያ ሪችዉድ ከተማ የሕግ ሰዎች ባሉበት ምእመናኑን ጉሎ ዘይት አጠጥተው፣ በገመድ አስረው በጎዳና ነዷቸው። በብዙ ግዛቶች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተደበደቡ፤ ልጆቻቸውም ከየትምህርት ቤቱ ተባረሩ። ይህን ሁሉ ያደረገው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሥርዓቱን ያልፈጸሙትን ማስገደድ ይቻላል ማለቱን የሰማ ሕዝብ ነው። በክፍል ደረጃም ነገሩ ከዚህ አይለይም፤ መምህሩ ዝም ያለውን ልጅ በሌሎቹ ፊት የገሠጸ ዕለት፣ በምሳ ሰዓት ለሚሆነው ፈቃድ ሰጥቷል።

የዌስት ቨርጂኒያ የትምህርት ቦርድ ያንን ፍርድ ይዞ በጥር 1942 የባንዲራ ሰላምታን በግዛቱ ሁሉ ግዴታ አደረገው። እምቢ ያለ ልጅ እንደ ትእዛዝ ተላላፊ ተቆጥሮ ይባረራል፤ የተባረረ ልጅ ያለ ፈቃድ እንደቀረ ይቆጠራል፤ ወላጁንም እስከ ሃምሳ ዶላር ቅጣትና እስከ ሠላሳ ቀን እስራት ይጠብቀዋል። ከቻርለስተን ከተማ ወጣ ባለ ስሊፕ ሂል በተባለ ትንሽ ትምህርት ቤት ይማሩ የነበሩ ጋቲና ማሪ ባርኔት የተባሉ ሁለት እህትማማቾች እጃቸውን አላነሱም፤ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የእነሱ ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ውሳኔው ሰኔ 14 ቀን 1943 ተነበበ። ዕለቱ የባንዲራ ቀን ነበር፤ አሜሪካም ከጀርመንና ከጃፓን ጋር ጦርነት ላይ ነበረች። ፍርድ ቤቱ ከሦስት ዓመት በፊት የሰጠውን ፍርድ በስድስት ድምፅ ለሦስት ሻረ። የጻፉት ዳኛ ሮበርት ጃክሰን ናቸው፤ በኋላ በኑረምበርግ ናዚዎችን የከሰሱት እኒሁ ሰው ናቸው።

የጃክሰን ፍርድ ከሃይማኖት ነፃነት ይልቅ በንግግር ነፃነት ላይ መቆሙ ለመምህር ትልቅ ትርጉም አለው። ማንም ባለሥልጣን በፖለቲካም ሆነ በአገር ፍቅር ወይም በሃይማኖት ጉዳይ ዜጎች ሁሉ ሊያምኑት የሚገባውን የመወሰንና በአፋቸው እንዲመሰክሩት የማስገደድ ሥልጣን የለውም ነው የሚለው። ስለዚህ ልጁ ነፃ የሚሆነው የአንድ ሃይማኖት አባል ሆኖ ሲገኝ ብቻ አይደለም። በሃይማኖቱ ምክንያት፣ በጥቁሮች ላይ የሚደርሰውን በደል በመቃወም፣ የእግዚአብሔር ስም በመንግሥት ሥርዓት መጠራቱን ባለመውደድ፣ ወይም ማንም በማያውቀው የራሱ ምክንያት ዝም ቢል ሕጉ ያው ነው። ምክንያቱ የማይጠየቅ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱን መመርመር የመምህሩ ሥራ አይሆንም። ይህ ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ነጥብ ነው። ብዙ መምህር ልጁን ባይቀጣም ለምን እንዳልተነሳ በክፍሉ ፊት ይጠይቀዋል፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በሃያ አምስት ጓደኞቹ ፊት ስለ እምነቱ ወይም ስለ ፖለቲካ አቋሙ መልስ ስጥ ሲባል ጥያቄው ራሱ ቅጣት ነው።

ከ1943 በኋላ የቀሩት ክርክሮች አብዛኛውን ጊዜ የዝርዝር ነበሩ። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች አለማለት ይቻላል፣ ግን መነሳት ግዴታ ነው አሉ፤ ሌሎች መነሳት ያልፈለገ ልጅ ከክፍል ወጥቶ ኮሪደር ላይ ይቁም አሉ። በ1973 በኒው ዮርክ በተነሳ ክስ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሁለቱንም አልተቀበለም። መነሳት ራሱ የሥርዓቱ አካል ስለሆነ ማስነሳት ማስገደድ ነው፤ ጥፋት ያላጠፋን ልጅ ከክፍል ማውጣትም ቅጣት ነው። በ1978 በኒው ጀርሲ ተመሳሳይ ውሳኔ ተሰጠ። ኮሪደር ላይ የማስወጣቱ ነገር ለብዙ መምህራን የዋህ መፍትሔ ይመስላቸዋል፤ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ልጅ ግን ለሚያልፈው ሁሉ ጥፋተኛ መስሎ ይታያል።

ሌላው ጥያቄ ልጁ ከዝምታ ያለፈ ነገር ቢያደርግስ የሚለው ነው። በአላባማ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ፕሌጁ ሲባል በዝምታ የተጨበጠ እጁን አነሳ። ከዚያ ቀን በፊት ሌላ ተማሪ ፕሌጁን ባለማለቱ ተገሥጾ ስለነበር ለእሱ ማገዙ ነው። ርዕሰ መምህሩ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በመቆየት ቅጣትና በጣውላ በመመታት መካከል አስመረጠው፤ ልጁም መመታቱን መረጠ። በ2004 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለልጁ ፈረደለት። መለኪያው በ1969 የዴ ሞይን ተማሪዎች የቬትናምን ጦርነት ተቃውመው ጥቁር ጨርቅ ክንዳቸው ላይ ባሰሩበት ጉዳይ የተቀመጠው ነው፦ የክፍሉን ሥራ በእርግጥ ያወከ ነገር አለ ወይስ የለም? ጮክ ብሎ ማፌዝ፣ ጎረቤትን መጎንተል፣ ሙዚቃ መክፈት ማወክ ነው፤ መምህሩ በሒሳብ ሰዓት እንደሚቀጣው አድርጎ ይቅጣው፣ ሳይጨምር። ተቀምጦ ዴስኩን ማየት ግን ማንንም አያውክም። ያኛው ልጅ ስለተናደደበት ብቻ ይህኛው ልጅ አወከ አይባልም፤ መታረም ያለበት የተናደደውና የተሳደበው ነው።

መሐላውን በአፍ አለማለት ከተፈቀደ በጽሑፍስ? በቴክሳስ፣ ሂውስተን አቅራቢያ፣ አንድ የሶሲዮሎጂ መምህር በ2017 ተማሪዎቹ ሁሉ ፕሌጁን በወረቀት እንዲጽፉ አዘዘ። ክፍሉ ውስጥ ፕሌጁን ለዓመታት ሳትል የቆየች ጥቁር ተማሪ ነበረች፤ አልጻፈችም። በ2021 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በመምህሩ ላይ የቀረበው ክስ እንዲቀጥል ፈቀደ፤ በ2022 ጉዳዩ በዘጠና ሺህ ዶላር ስምምነት ተዘጋ። የአሜሪካን ታሪክ ሲያስተምሩ ስለ ፕሌጁ አመጣጥ ማስጠናት፣ ቃላቱ ምን ማለት እንደሆኑ መጠየቅ ይቻላል፤ ትምህርት ነውና። የቤት ሥራው ዝም ያለውን ልጅ ለማንበርከክ የታሰበ ሲሆን ግን ልጁም ክፍሉም ይገባቸዋል፤ ፍርድ ቤትም ሲገባው ታይቷል።

የወላጅ ፈቃድ ነገር ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ እዚህ ላይ መምህሩ የራሱን ግዛት ሕግ ማወቅ አለበት። በፍሎሪዳና በቴክሳስ ሕጉ ልጁ ከፕሌጁ ነፃ እንዲሆን የወላጅ የጽሑፍ ጥያቄ ይፈልጋል። የፍሎሪዳው በ2008 ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደርሶ የወላጅ ፈቃዱ ክፍል ሲጸና፣ ነፃ የተደረገ ልጅ መነሳት አለበት የሚለው ግን ወድቋል። በተቃራኒው ፔንሲልቬንያ ውስጥ እምቢ ያለን ልጅ ትምህርት ቤቱ ለወላጁ ያሳውቅ የሚል ሕግ ወጥቶ በ2004 ፍርድ ቤት ሽሮታል፤ ማሳወቁ ልጁን ለማስፈራራት የሚያገለግል ነው ተብሎ። በቨርጂኒያ ሕጉ ራሱ በሃይማኖት፣ በፍልስፍና ወይም በሌላ ምክንያት የተቃወመ ልጅ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ዝም ሊል እንደሚችል ይገልጻል። በሜሪላንድ ተማሪም መምህርም ነፃ መሆን ይችላል። በሚኒሶታ ፕሌጁ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይባላል፤ ማንም መተው እንደሚችልና ሌሎች ምርጫውን ማክበር እንዳለባቸው ሕጉ ይደነግጋል።

ሕጉ እንዲህ ተጽፎም በክፍል ውስጥ መጣሱ አልቀረም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሜሪላንድ፣ በ2010 አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ተማሪ አልነሳም በማለቷ በትምህርት ቤቱ ፖሊስ ታጅባ ከክፍል ወጥታለች። ዲስትሪክቱ ደንቡ መጣሱን አምኗል።

ከሁሉም ይልቅ ለስደተኛ መምህር የሚቀርበው ግን በየካቲት 2019 በፍሎሪዳ ሌክላንድ የሆነው ነው። አንድ የአሥራ አንድ ዓመት ጥቁር ልጅ ፕሌጁን አልልም፣ ባንዲራው ዘረኛ ነው አለ። በዚያ ቀን ክፍሉን የያዘችው ተተኪ መምህር ከኩባ የመጣች ስደተኛ ነበረች። እዚህ እንዲህ መጥፎ ከሆነ ለምን ሌላ አገር አትሄድም አለችው፤ እሷ ከኩባ እንደመጣችና አልተፈለግሁም ብላ ያሰበች ቀን ሌላ መኖሪያ እንደምትፈልግ ነገረችው። ነገሩ ተባብሶ ቢሮ ተጠራ፣ ፖሊስ መጣ፣ ልጁ ታስሮ ተወሰደ። ፖሊስ ያሰረው ስለ ፕሌጁ ሳይሆን ስለ ረብሻ ነው አለ፤ ዐቃቤ ሕጉ ክሱን አልገፋበትም። ዲስትሪክቱ መምህርቷ ተማሪዎች ግዴታ እንደሌለባቸው እንደማታውቅ ገልጾ ዳግመኛ እንዳትሠራ አደረገ።

ይህች ሴት በክፋት እንዳልተናገረች መገመት ይቻላል። ከአምባገነን አገር ወጥቶ ሌላ አገር የተቀበለው ሰው ለዚያ አገር ባንዲራ የሚሰማው ምስጋና እውነተኛ ነው። በካርቱም ወይም በናይሮቢ ወረፋ ጠብቆ፣ ወይም ዲቪ ደርሶት፣ ሁለት ሥራ እየሠራ ልጆቹን ያሳደገ ኢትዮጵያዊም ይኼው ስሜት አለው፤ ሊያፍርበትም አይገባም። ስህተቱ የሚጀምረው የራሱን ምስጋና የሌላ ሰው ልጅ ዕዳ ሲያደርገው ነው። እዚያው የተወለደ፣ አያቶቹም እዚያው የተወለዱ ልጅ «ካልወደድከው ሂድ» ሲባል የሚሄድበት ሌላ አገር የለውም። ነገሩን ከስደተኛ አፍ መስማቱ ደግሞ ቁስሉን ያባብሰዋል፤ ስደተኛው ራሱ ይኼንኑ ቃል ከሌሎች ሰምቶ ያውቃልና።

ኢትዮጵያዊ መምህር ሌላም የሚያውቀው ነገር አለ። ዕድሜው ስልሳን የተሻገረ ሰው በሕይወቱ ሦስት ብሔራዊ መዝሙር ሰምቷል፦ የንጉሡን፣ የደርግን፣ ከ1984 ዓ.ም. በኋላ የመጣውን። ባንዲራው ላይ አንበሳው ሲነሳ፣ ሌላ ዓርማ ሲገባ፣ ኮከቡ ሲመጣ አይቷል። በደርግ ዘመን በየስብሰባው ግራ እጅ ወደ ላይ ተነስቶ መፈክር ሲሰማ ከተነሱት እጆች ስንቶቹ በፍርሃት እንደተነሱ ያ ትውልድ አይጠይቅም፤ ያውቀዋል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች በኦሮሚያ ክልል መዝሙርና ሰንደቅ ዓላማ ሳቢያ ተማሪዎች ተጋጭተው ትምህርት ተቋርጧል። መዝሙሩን የሚወዱትም የማይወዱትም ልጆች ነበሩ፤ ክርክሩ ግን የአዋቂዎች ነበር። ከዚህ ሁሉ የመጣ መምህር የተነሳ እጅ ፍቅርን፣ ያልተነሳ እጅም ጥላቻን እንደማያስረዳ ማንም እንዲያስተምረው አያስፈልገውም። ይህ ዕውቀት በአሜሪካ ክፍል ውስጥ ትልቅ ሀብት ነው።

ወደ ክፍሉ እንመለስ ከተባለ፣ ሥራው የሚጀምረው ከመጀመሪያው ቀን ነው። ጥሩ መምህር ማንም እምቢ ከማለቱ በፊት ለክፍሉ በሙሉ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገራል፦ ፕሌጁን ማለት የሚፈልግ ይላል፣ የማይፈልግ ዝም ብሎ ይቀመጣል ወይም ይቆማል፤ የሚለውም የማይለውም አይረበሽም። ይህ አስቀድሞ ከተነገረ በኋላ ዝም የሚል ልጅ ሲመጣ አዲስ ነገር አይሆንም። ሰዓቱ ሲደርስ መምህሩ እሱ ራሱ የሚያምንበትን ያደርጋል፤ ዓይኑን ግን ዝም ባለው ልጅ ላይ አያሳርፍም፣ ስሙን አይጠራም፣ አይጠቁምም። እንዳለቀ ወዲያው ስም ወደ መጥራት ወይም ወደ ትምህርቱ ይገባል። ይህች ሽግግር ቀላል ትመስላለች፤ ግን ልጆች ትልቅ ነገር ሆነ አልሆነ የሚለውን የሚያነቡት ከመምህሩ ፊት ነው። መምህሩ አምስት ሴኮንድ ዝም ብሎ ቢያፈጥ፣ ቀኑን ሙሉ የሚወራው ያ ነው።

አብረውት የሚማሩት ልጆች «ለምን አይነሳም?» ብለው ሲጠይቁ መልሱ በሰላም የሚሰጥ ነው፦ መብቱ ነው። የልጁን ምክንያት መምህሩ ቢያውቀው እንኳ እሱ አይናገረውም። ወታደር አባት ያለው ልጅ ከልቡ ተከፍቶ ቢመጣ ስሜቱን ማክበር፣ የአባቱን አገልግሎት ማመስገን፣ የዝምተኛውን መብትም ማስረዳት ይቻላል፤ አንዱ ሌላውን አያፈርስም። የ1943ቱ ፍርድ የተሰጠው አገሪቱ በጦርነት ውስጥ እያለች መሆኑ ለእንዲህ ያለ ልጅ ሊነገረው የሚገባ ታሪክ ነው።

አዲስ የመጡ ልጆች ሌላ ትዕግሥት ይፈልጋሉ። ትናንት ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር የመጣች ልጅ ዝም ብትል እምቢ አላለችም፤ ቃላቱን አታውቅም። አጠገቧ ያለ አማርኛ ተናጋሪ ረዳት መምህር ወዲያው ክንዷን ይዞ ሊያስነሳት ይችላል፤ እንዳታፍር ብሎ። ከዚያ ይልቅ በእረፍት ሰዓት በአማርኛ ምን እንደሚባልና ግዴታ እንዳልሆነ ቢነግራት ይሻላል። ከዚያ በኋላ ለመማር ብትፈልግ ቃላቱን ያስተምራት፤ ዝም ብትልም ዝም ትበል። ከመጣችበት ቤት ያለውን ታሪክ ማንም አያውቅም። ለምሳሌ በኤርትራ በ1994 በወጣ ድንጋጌ የይሖዋ ምሥክሮች ዜግነታቸውን አጥተዋል፤ ከእንዲህ ያለ ቤት የመጣ ልጅ የባንዲራ ሥርዓት ሲያይ ምን እንደሚያስታውስ መገመት አያስቸግርም።

አማርኛ ተናጋሪ ሠራተኞች ከሌሎች ይልቅ የሚጠነቀቁበት አንድ ነገር ስልክ ነው። የልጁን እናት ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከዕቁብ ወይም ከማኅበር የሚያውቅ ረዳት መምህር፣ «እህቴ፣ ልጅሽ ባንዲራ ሲባል አይነሳም፤ ምከሪው» ብሎ መደወል የወንድምነት ይመስለዋል። በዚያች ስልክ ምክንያት ልጁ ማታ ቤቱ የሚደርስበትን እሱ አያይም። የፍሎሪዳ ወይም የቴክሳስ ሕግ የወላጅ ወረቀት የሚጠይቅ ከሆነ ያንን የሚያደርገው ቢሮው ነው፤ በወጉ፣ በአስተርጓሚ። ከዚያ ውጭ የሚደረግ የጎን ጥሪ የተማሪን ምሥጢር ማውጣት ነው።

ወላጆች ሲሰሙ የሚደነግጡበትም ምክንያት አለ፤ መምህሩ ሊያቃልለው አይገባም። ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ፣ ወይም የግሪን ካርድ ሂደት ላይ ያለ ቤተሰብ የልጁ ዝምታ ፋይል ውስጥ የሚገባ ይመስለዋል። የትምህርት ቤቱ ፕሌጅና አዋቂ ሰው ዜግነት ሲቀበል የሚፈጽመው መሐላ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለዜግነት ፈተና ለረጅም ዓመታት ሲጠና በቆየው የመቶ ጥያቄዎች ዝርዝር ፕሌጁ ሲባል ታማኝነት የሚገለጸው ለማን ነው የሚል ጥያቄ አለ፤ ብዙ ወላጅ በቃሉ ያውቀዋል። በዚያው ዝርዝር የሃይማኖት ነፃነት ምንድን ነው የሚል ጥያቄም አለ፤ መልሱ ማንኛውንም ሃይማኖት መከተል ወይም አለመከተል መቻል ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማሳየት ለተጨነቀ አባት ከረጅም ማብራሪያ ይሻለዋል። የልጁ ባህርይ ማስታወሻ ላይ ስለ ፕሌጁ ምንም እንደማይጻፍ ማረጋገጥም የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው።

መምህሩ ራሱስ? በኒው ዮርክ ሮቸስተር አካባቢ አንዲት የሥዕል መምህር በፕሌጁ ጊዜ እጇን ወደ ጎን ጥላ በዝምታ በመቆሟ ከሥራ ተሰናብታ፣ በ1972 ፍርድ ቤት ፈርዶላታል። በ1979 ግን በቺካጎ የመዋዕለ ሕፃናት መምህር የሆነች የይሖዋ ምሥክር የተመደበላትን የአገር ፍቅር ትምህርት አላስተምርም ብላ ተሸንፋለች። ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ መምህር የራሱን አፍ ማዘዝ ይችላል፤ የሥርዓተ ትምህርቱን ግን እንደ እምነቱ መቁረጥ አይችልም። በእምነቱ ምክንያት ፕሌጁን ማስጀመር የሚከብደው ሰው ለርዕሰ መምህሩ አስቀድሞ ቢናገር፣ አንድ ተማሪ ወይም ድምፅ ማጉያው እንዲያስጀምር ማድረግ ቀላል ነው። ይህ ሁሉ የሚመለከተው የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን ነው፤ ቻርተር ትምህርት ቤቶችንም ይጨምራል። የግል ትምህርት ቤት በሕገ መንግሥቱ ስለማይታሰር በገባው ውልና በደንቡ ይተዳደራል።

ለዲስትሪክት ቢሮዎች የሚቀረው ሥራ ብዙ ወጪ የለበትም። ሞንትጎመሪና ፌርፋክስን የመሳሰሉ ካውንቲዎች ለወላጆች የሚልኩትን ብዙ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ያስተረጉማሉ። የሞንትጎመሪ የተማሪዎች መብት መመሪያ በአገር ፍቅር ሥርዓት ላይ ማንም እንደማይገደድ፣ ባለመሳተፉም ማንም ሆን ብሎ እንዲያሳፍረው እንደማይፈቀድ ይናገራል። ያ አንድ አንቀጽ ከወፍራሙ መመሪያ ወጥቶ በግማሽ ገጽ ቢታተም፣ የግዛቱ ሕግ የወላጅ ወረቀት ይፈልግ አይፈልግ እንደሆነ አብሮ ቢጻፍበት፣ ጥያቄ ሲኖር የሚደወልለት ሰው ስልክ ቢጨመርበት ይበቃል። በእንግሊዝኛና በአማርኛ ሆኖ ከስም መጥሪያውና ከእሳት አደጋ መውጫ ካርታው ጋር በተተኪ መምህሩ ፎልደር ውስጥ መግባት አለበት፤ ተተኪው የሚያነበው ከመጀመሪያው ደወል በፊት እንዲሆን።